ከንባብ በፊት ሥርዓት

የተወደዳችሁ የኤደን ፕሬሪ ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፤ ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ለጢሞቴዎስ የላከውን ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 4 አንብቡ። የሚሄድበት ጊዜ እንደ ደረሰ ከተናገረ በኋላ፣ ቁጥር 13 ላይ በርኖሱንና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይጠይቃል። መጻሕፍቱ ያሉት ጢሮአዳ ነው፤ የተቀመጡትም በአክርጳ እጅ ነው። ሞት የቀረበው ሐዋርያ መጽሐፉን የት፣ ከማን ዘንድ እንዳኖረ አልረሳም። እንግዲህ መጽሐፍን በሥርዓት መያዝ የመንፈሳዊ ሕይወታችን ክፍል መሆኑን ከዚህ እንማር።

ሥርዓት ሲባል ብዙዎቻችን ቁጣ ይታየናል። ሥርዓት ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ደንብ ያልተማረን ልጅ ደንብ ጣሰ ብሎ መገሠጽ፣ ፊደል ሳያስቆጥሩ ዳዊት ድገም እንደ ማለት ነው። የአብነት መምህሮቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ግእዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያሉ በተራ ያስኬዱ ነበር እንጂ አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው አያሻግሩም።

በሚኒሶታ ትምህርት የሚከፈተው እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት መጽሐፍ ለማዋስ አትቸኩሉ። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው መመለስን ነው፤ ልጁ ሲገባ በመጀመሪያ ያመጣውን መጽሐፍ በተወሰነለት ቦታ ያኑር። በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ምንም አታስተምሩ። ትልቁ ልጅ ያሳይ፤ ትንሹ ይድገም፤ የሳተውም ሳያፍር እንደገና ይሞክር። ይህ ከጸና በኋላ ከመደርደሪያ ማውጣትን አስከትሉ፦ የመጽሐፉን ጀርባ ከመሃል መያዝ፣ በወጣበት ቦታ ካርቶን መተው። ቀጥሎ ስሙንና የመጽሐፉን ቁጥር በገዛ እጁ ይመዝግብ። መምህር ቢቀየር እንኳ ሥርዓቱ አይቀየር። አንድ እሑድ የተተወ ደንብ ለልጅ ቀልድ ይሆንበታል።

አንድ ወላጅ፣ «ቅጣት ከሌለ ልጁ ለምን ይመልሳል?» ሊል ይችላል። የኤደን ፕሬሪ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝበት የሄነፒን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት የመዘግየት ቅጣትን እ.ኤ.አ. በ2021 አንሥቷል። ልጁ መመለስ ያለበት ቅጣት ፈርቶ ሳይሆን መጽሐፉን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ስላለ ነው። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ ለሰባት ዓመት ልጅ በእጅ የሚዳሰስ የሚሆነው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ስለዚህ «ቀኑ አልፏል» ከማለት ይልቅ «እኅትህ እየጠበቀችው ነው» በሉት።

ለሥርዓት ጥቅም ምስክሩም ከደጃችን አለ። በዚሁ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት የሀገራችንን የብራና መጻሕፍት ፊልም ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተጀመረው ሥራ በኢትዮጵያ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመናቸውን ከእነዚህ ብዙዎቹን አንብበው ይዘታቸውን በመዘርዘር አሳልፈዋል። ዛሬ ተመራማሪ የሚፈልገውን ድርሳን ወይም ገድል የሚያገኘው በቁጥሩ ነው። ያ ሁሉ ፊልም ያለ ቁጥርና ያለ ዝርዝር ቢሆን ማን ይጠቀምበት ነበር? በመዝገብ ላይ የመጽሐፍ ቁጥር የሚጽፍ ልጃችሁም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

ኮሌጅቪል ከኤደን ፕሬሪ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ልጆቹን ዘንድሮ ውሰዷቸው። የመመለሻውንም ቦታ ለሚመጣው እሑድ አዘጋጁ።