«ግርማ»፣ ድንጋጤና ሰቀቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሚሳኤል በአማን ሰማይ ሲያልፍና ሳይረን ሲጮህ፣ በየማዳሙ ቤት ያላችሁ እኅቶች «አባ፣ መዝሙር 90ን ደግሜም ልቤ አላረፈም፤ እምነቴ ጎድሎ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። መልሱ ያለው ከቃሉ ላይ ነው።

ያ መዝሙር የሌሊትን አስፈሪነት የሚጠራው «ግርማ» ብሎ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ግርማ ሞገስ ነው፤ ንጉሡን ግርማዊ እንል ነበር፣ ለልጅ ስም እናወጣበታለን፣ ወጥ ሲጥም «ግሩም ነው» እንላለን። በግእዝ ግን ማስደነቅም ማስፈራትም አለበት። አማርኛው ማስፈራቱን ባብዛኛው ተወው፤ «ግርማው ያስፈራል» ስንል ብቻ የቀድሞው ብቅ ይላል። በመዝሙር 46 ግሩም የተባለው እግዚአብሔር ነው፤ በመዝሙር 138 የሰው አፈጣጠር ነው። ያዕቆብም በቤቴል መሰላሉን አይቶ ሲነቃ ቦታውን በግእዙ ግሩም አለው፤ አማርኛው «የሚያስፈራ» ብሎ ተረጎመው።

ድንጋጤ ሌላ ነው። ሳይታሰብ ይመጣል፤ ልብ ቀድሞ ይመታል፣ ሐሳብ ኋላ ይደርሳል። እመቤታችን በመልአኩ ቃል እንደ ደነገጠች በሉቃስ ምዕራፍ 1 ተጽፏል፤ ይህን ማን ኃጢአት ይለዋል? ረዐድ የሥጋ መንቀጥቀጥ ነው። ሰቀቀን ደግሞ ነገሩ ካለፈ በኋላ ውስጥ የሚቀረው ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር የምትባንን እኅት ያላት እርሱ ነው፤ ቁስል ነው እንጂ ክህደት አይደለም። ጸሎትም ሐኪምም ያስፈልገዋል።

ያዕቆብ ዳግመኛ የፈራው እዚሁ አጠገባችን ነው። በላባ ቤት 20 ዓመት አገልግሎ፣ ደመወዙ 10 ጊዜ ተለዋውጦበት (ይህ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ) ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ዔሳው 400 ሰው አስከትሎ እንደሚመጣ ሰማ። በዚያው ሌሊት የተሻገረው ያቦቅ፣ ዛሬ የዘርቃ ወንዝ የምንለው፣ ከአማን የሚነሣው ነው። እጅግ ፈራ፣ ተጨነቀ። ሰዎቹንና ከብቱን በሁለት ወገን ከፈለ፤ ከዚያም ጸለየ። ጥንቃቄው ከጸሎቱ ቀደመ፤ እግዚአብሔርም አልገሠጸውም። እናንተም ሳይረን ስትሰሙ መጀመሪያ ከመስኮት ራቁ፤ ዳዊቱን ከዚያ ትደግማላችሁ።

የሚያስፈራራ አሠሪ ግን ግርማ የለውም። ፓስፖርት በሚደብቅ ወይም እጁን በሚያነሣ ሰው ፊት የሚመጣባችሁ መንቀጥቀጥ ፈሪሃ እግዚአብሔር አይደለም፤ «ትሕትና ነው» እያላችሁ አትሸፍኑት። ፓስፖርት መያዝ በዮርዳኖስ ሕግም የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያለባችሁ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቁኝ፤ መውጣት የማትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስማችሁ በእኔ ዘንድ ይቀራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።