ፖላራይዘር ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አካባቢ የሕንፃና የሱቅ ፎቶ አነሳለሁ። መስታወቱ ላይ ሰማዩም መኪናውም፣ እኔም ከነካሜራዬ ጉልህ ሆነን እንወጣለን። ዩቪ ፊልተር ገጠምኩ፤ ለውጥ የለም። ፖላራይዘር ልግዛ ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?
ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ዩቪ ፊልተር የዚህ ሥራ መሣሪያ አይደለም። በዲጂታል ካሜራ ላይ ዋና ጥቅሙ ሌንሱን ከጭረትና ከአቧራ መጠበቅ ነው፤ እንዲያውም ማታ መብራት ሲያነሱ የራሱን ነጸብራቅ ይጨምርልዎታል።

ፖላራይዘር ይረዳል፤ ግን ራስዎን ከነካሜራዎ ካዩ የቆሙት መስታወቱ ፊት ለፊት ነው ማለት ነው። ከዚያ ቦታ ፊልተሩን ቀኑን ሙሉ ቢያዞሩት ነጸብራቁ አይነቃነቅም። ወደ ጎን ይሂዱና መስታወቱን በሰያፍ፣ ከገጹ 35 ዲግሪ ገደማ ሆነው ይመልከቱት። በዚህ ማዕዘን የሚመለሰው ብርሃን የሚርገበገበው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ፊልተሩ ሊያግደው ይችላል። ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1808 ያስተዋለው ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ ነው፤ እሱም ፓሪስ ላይ የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የመለሱትን የምሽት ፀሐይ በካልሳይት ክሪስታል ሲያይ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ከመጀመሪያውም የሕንፃ መስኮት ጉዳይ ነው።

መስታወት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ለሱቅ መስኮትና ለዝናብ ውኃ ፖላራይዘር ግሩም ነው። እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጩት፣ ስስ የብረት ቅብ ያላቸው አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ግን ቢቀንስ እንጂ አያጠፋም።

ዋጋውም አለው፤ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል። በ1/250 ያነሱት የነበረው ወደ 1/60 ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው አፍሪካ አዳራሽ ገብተው የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ሲያነሱ እንዲያወልቁት የምመክርዎት፤ እዚያ የሚፈልጉት በመስታወቱ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ነው። ውጭም ቢሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ሰማዩ ራሱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ካዞሩት ቀለም የተደፋበት ይመስላል። በሰፊ ሌንስ ደግሞ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ነጥቶ ይወጣል።

ከገዙ ሰርኩላር የሚባለውን ይግዙ፤ ሊኒየሩ የአንዳንድ ካሜራዎችን አውቶፎከስና የብርሃን ልኬት ያዛባል። ልኩ ሌንስዎ ላይ ከ«ø» ምልክት ቀጥሎ ተጽፏል። ከሁሉ በፊት ግን ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ተውሰው ሌንሱ ፊት ያዙሩት። የሚያነሱት ሕንፃ ላይ ነጸብራቁ ካልቀነሰ ገንዘብዎን አያውጡ።