ለኢንዶሜትሪዮሲስ የሚያጋልጡ ሁኔታዎች፦ መንስኤን ከውጤት የመለየት ጥያቄ

መግቢያ

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ኅብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ፣ በተለይም በዳሌ ውስጥ ባሉ አካላት ላይ፣ ሲያድግ የሚከሰት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመራቢያ ዕድሜ ከሚገኙ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ገደማ፣ ሕመሙ እንዳለባቸው ይገምታል። ትክክለኛ መንስኤው ገና ተለይቶ ስላልታወቀ የብዙ ጥናቶች ትኩረት በአጋላጭ ሁኔታዎች ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን ከዳሰሰ በኋላ፣ ከእነዚህ መካከል የሕመሙ ውጤት ሊሆኑ የሚችሉትን ይመረምራል።

የወር አበባ ታሪክ

አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የወር አበባ ደም በከፊል በማሕፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ሆድ ዕቃ እንደሚመለስና አብረውት የሚሄዱት ሕዋሳት በዚያ ተጣብቀው እንደሚያድጉ አስረድቷል። በለጋ ዕድሜ የወር አበባ ማየት፣ አጭር የወር አበባ ዑደት፣ ብዙ ደም መፍሰስና የደሙን መውጫ የሚዘጋ የተፈጥሮ ጉድለት በአጋላጭነት መመዝገባቸው ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል። በአንጻሩ የወር አበባን ለጊዜው የሚያቋርጡት እርግዝናና ረዘም ላለ ጊዜ ጡት ማጥባት ከተጋላጭነት መቀነስ ጋር ተያይዘዋል። ሆኖም ደሙ ወደ ኋላ መመለሱ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚታይ በመሆኑ፣ ጥቂቶቹ ብቻ ለምን እንደሚታመሙ ለብቻው አያስረዳም።

የዘር ውርስና የፅንስ ዘመን

እናቷ ወይም እኅቷ በዚህ ሕመም የተያዘች ሴት ተጋላጭነቷ ከሌሎች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በተጋላጭነት ላይ ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ውርስ እንደሚመነጭ ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ሕመሙ በአንድ ዘረመል ጉድለት ብቻ የሚተላለፍ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሰፊ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 42 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል። ዝቅተኛ የውልደት ክብደትም በአንዳንድ ጥናቶች ከሕመሙ ጋር ተያይዟል።

መንስኤ ወይስ ውጤት?

ልጅ አለመውለድ በአጋላጭነት ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ሕመሙ ራሱ መካንነትን ስለሚያስከትል የቱ እንደቀደመ ለመለየት ያስቸግራል። የሰውነት ክብደት ማነስም እንዲሁ ነው፤ ለዓመታት የዘለቀ ሕመምና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ክብደትን ሊቀንሱ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ምርመራውን የማግኘት ዕድል ውጤቱን ያዛባል። ሕመሙ በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው ለረጅም ጊዜ በላፓራስኮፒ ብቻ ስለነበር፣ የተመዘገቡት በአብዛኛው ለሕክምና ቅርብ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የነጮችና የባለጸጎች ሕመም ነው የሚለው የቀድሞ አስተሳሰብም በከፊል ከዚህ የመነጨ ነው። አገልግሎቱ በጥቂት ሆስፒታሎች በተወሰነባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮችም የተመዘገቡት ሕሙማን ማነስ ሕመሙ ብርቅ መሆኑን አያረጋግጥም።

ማጠቃለያ

አጋላጭ ሁኔታዎች ጥርጣሬን ያጠናክራሉ እንጂ ሕመሙ የለም ለማለት አያበቁም። በቤተሰቧ ታሪክ የሌላት፣ የወለደች ወይም ገና ታዳጊ የሆነች ሴትም ልትታመም ትችላለች። ስለሆነም ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር የወር አበባ ሕመም «የሴት ወግ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ሌላ አጋላጭ ሁኔታ ባይገኝም ለምርመራ በቂ ምክንያት ነው።