ቀለም የሸፈነው ዝገት

ማረሻችንን ክረምቱን ሙሉ ውጭ ብንተወው ምን ይሆናል? ቀይ ይለብሳል። ስንፍቀው እንደ ዱቄት ይራገፋል። ይህ ዝገት ነው። ማረሻን የሚበላው ዝገት የመኪናንም ላሜራ ይበላል።

«መኪና ለሌለን ሰዎች ይህ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» እንል ይሆናል። ነገሩ ግን ይመለከተናል። ሽንኩርታችንን ገበያ የሚያደርሰው፣ በምጥ የተያዘችውን ሐኪም ቤት የሚወስደው መኪና ነው። ገንዘብ አዋጥተን አሮጌ መኪና የምንገዛበት ቀንም ይመጣል። ያን ቀን እንዳንታለል ዛሬ እንማር።

ዝገት እንዴት ይመጣል?

ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ዝገት ይፈጠራል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከብረቱ ጋር ይዋሐዳል። ጨው ካለበት ይፈጥናል። ዝገት ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ቀለሙን ከሥር እየገፋ እንደ ቡግንጅ ያሳብጠዋል። የመኪና ቀለም እንግዲህ ጌጥ ብቻ አይደለም። ውሃና አየር ብረቱን እንዳይነኩ የሚከለክል ልብስ ነው። የጣራ ቆርቆሯችንም ቶሎ የማይዝገው ዚንክ የሚባል ማዕድን ስለ ለበሰ ነው።

ድሬዳዋን እንመልከት

ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። የባቡር መጠገኛም ስለ ተቋቋመባት ከተማይቱ ከብረት ሥራ ጋር አብራ አደገች። የፈረንሳዩ ፔጆ 404 ገበያ ላይ የዋለው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ በድሬዳዋና በሐረር ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆኖ አገልግሏል። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ዝገትን ያዘገያል። ላሜሪስት የምንላቸው የአካል ጠጋኞችም የመኪናን ዕድሜ ያረዝማሉ።

ታዲያ በደረቅ አገር መኪና ለምን ይዝጋል? ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ መኪና የባሕር ጨው ያገኘዋል። የመንገድ ጠጠር ቀለሙን ይልጠዋል። ዝናብ ሲመጣ ጭቃ ከፓራፋንጎው ሥር ይለጠፋል። ጭቃው እንደ እርጥብ ጨርቅ ውሃ ይዞ ይቆያል።

ዝገት እንዴት ይታከማል?

በአንድ ጋራዥ ቆመን እንዳየነው ሥራው በቅደም ተከተል ይሄዳል።

አንደኛ፦ ቦታው ታጥቦ በደንብ ይደርቃል።

ሁለተኛ፦ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በሸካራ ወረቀት ይፋቃል። የሚያብረቀርቅ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ አይቆምም። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ዓይንንም በመነጽር መከላከል ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ላሜራው ከተበሳ የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ ሌላ ላሜራ ይበየድበታል። በነዳጅ ጋን አጠገብ መበየድ እሳት ያስነሣል።

አራተኛ፦ ሳይውል ሳያድር ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። ንጹሕ ብረት ራቁቱን ካደረ እንደገና መዛግ ይጀምራል።

አምስተኛ፦ ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፤ ይስተካከላል፤ በመጨረሻ ቀለም ይቀባል።

አንዳንድ ሰው ግን ዝገቱን ሳይፍቅ ስቱኮ ይለጥፍና ቀለም ይቀባዋል። ይህ መግሉ ሳይወጣ ቁስልን በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው። ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ይበላል።

ስንገዛ ምን እንይ?

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለን እንሂድ። በላሜራው ላይ እናስኪደው። ብረት ከሆነ ይይዛል። ወፍራም ስቱኮ ካለበት አይይዝም። ያበጠ ቀለም ካለ እንጠይቅ። ምንጣፉን ገልጠን ወለሉን እንይ። ከሥር ገብተንም ሻንሲውን እንመልከት። ሻንሲ የመኪናው አከርካሪ ነው። እሱ በዝገት ከተበላ ነገሩ የቀለም ጉዳይ አይደለም። ጭነትና ሰው ይዞ መንገድ ላይ ሊሰበር ይችላል። ዋጋው ቢረክስም እንዲህ ያለውን መኪና ተዉት!

መኪናው የኛ ከሆነ በኋላ ደግሞ ጭቃውን ቶሎ እንጠበው። ከበሩ ሥር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ውሃ ማውጫ ስለሆኑ አንድፈናቸው። ቀለም የተላጠበትን ቦታ ጥፍር ሳያክል እንቀባው። ማረሻና ማጭዳችንንም ጠርገን፣ አድርቀን፣ ዘይት ቀብተን እናስቀምጥ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ጥያቄዎች

1. ዝገት እንዲፈጠር ምን ምን ነገሮች መገናኘት አለባቸው?
2. ዝገት ሳይፋቅ ቀለም ቢቀባ ምን ይሆናል?
3. ማግኔት የማይይዘው የላሜራ ቦታ ምን ይነግረናል?
4. በቤታችን የዛገ መሣሪያ አለ? ዛሬ ማታ ፈልገን እናውጣው።