የቡሬ የፋብሪካ ፍሳሽና የገበሬው ውሃ

የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዘይትና ከእህል ማቀነባበሪያ የሚወጣ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ፣ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ከታች ያለው ሕዝብና ከብትም የሚጠጣውን ያጣል። በድርቅ ወራት ወንዙ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ይበረታል። ስለዚህ፦

ሀ) ቅባቱን አስቀድሞ መለየት፤
ለ) ፍሳሹን በማዝቀጫ ገንዳ አሳርፎ አየር እንዲያገኝ ማድረግ፤
ሐ) ሳይመረመር አለመልቀቅ ያስፈልጋል።

የሚበሰብሰው ዝቃጭ ወደ ማዳበሪያ ሊለወጥ ይችላል። ከማዕድን ወይም ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ከባድ ብረት ግን አይበሰብስም፤ ከተደባለቀበት ማዳበሪያው የእርሻ መርዝ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ውሃውን የበከለ ሁሉ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል።

ለተፈናቃይ የሠፈራ ቦታ የሚመርጥ ሠራተኛም የውሃውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ከላይ ምን እንደሚለቀቅበት አስቀድሞ ይመርምር።