ማን ይቀድማል? ኑክሊዮፋይልና ካርቦካታዮን ሲገናኙ

ባለፈው ሴሚስተር ከፈተና በኋላ በጥናት ቡድናችን ተሰብስበን መልሶቻችንን ስናነጻጽር፣ ሁላችንም አንድ ጥያቄ ላይ ተሳስተን ተገኘን። ጥያቄው፦ አንድ ሰማያዊ ካርቦካታዮን ጥቂት ሃይድሮክሳይድ ባለበት ውሃ ውስጥ ቢጨመር ቀለሙን በይበልጥ የሚያጠፋው ማን ነው? «ሃይድሮክሳይድ፤ ከውሃ ስለሚበረታ» ብለን ጻፍን፤ ነጥብም አጣን። የሸመደድነው ዝርዝር ማን እንደሚበረታ እንጂ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ አይነግረንም ነበር።

ፍጥነቱን የምንገምትበት መንገድ ግን አለ። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርበርት ማየር ከባልደረባው ጋር በ1994 ያቀረበው ቀመር እንዲህ ይላል፦

ሎግ ኬ = ኤስ × (ኤን + ኢ)

ኬ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው የፍጥነት ቋሚ ነው። ኢ የካታዮኑን ባሕርይ ይገልጻል፤ ኤን እና ኤስ ደግሞ የኑክሊዮፋይሉን፣ ያውም በተወሰነ ሟሟ ውስጥ። ስለዚህ ሟሟው ካልተጠቀሰ ኤን ብቻውን ዋጋ የለውም።

ወደ ፈተናው ጥያቄ እንመለስ። ሰማያዊው ካታዮን ሁለት የዳይሜቲልአሚኖ ቡድኖች ኤሌክትሮን እየሰጡ ስለሚያረጋጉት ኢ −7.02 ነው።

ሃይድሮክሳይድ በውሃ ውስጥ፦ ኤን 10.47፣ ኤስ 0.61።
0.61 × (10.47 − 7.02) = 2.10፤ ኬ ወደ 127 በሞላር በሰከንድ።

ውሃ፦ ኤን 5.20፣ ኤስ 0.89።
0.89 × (5.20 − 7.02) = −1.62፤ ኬ ወደ 0.024 በሰከንድ።

እዚህ ላይ ነው የተሸወድነው። የውሃው ኬ የውሃውን ብዛት በውስጡ ይዟል፤ የሃይድሮክሳይዱ ግን ገና በመጠኑ መባዛት አለበት። ሃይድሮክሳይዱ 0.001 ሞላር ከሆነ ፍጥነቱ 0.127 በሰከንድ ነው፤ ውሃን በ5 እጥፍ ይቀድማል። 0.00001 ሞላር ከሆነ ግን 0.00127 ብቻ ነው፤ ውሃው በ19 እጥፍ ገደማ ይቀድማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ሁለት ነገር አንርሳ። አንደኛ፣ ቀመሩ ግምት ነው፤ 10 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል። ሁለተኛ፣ ሁለት ሞለኪውሎች ሳይገናኙ ሊዋሃዱ አይችሉም፤ ስለዚህ ስሌቱ በሞላር በሰከንድ ከ10 ቢሊዮን በላይ ቢሰጠን ፍጥነቱን የሚወስነው መገናኘታቸው ብቻ ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በዳይሜቲልአሚኖ ፈንታ ሁለት ሜቶክሲ ያለው ካታዮን ኢ 0 ነው። በንጹህ ውሃ ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ስንት ነው? የሰማያዊው 29 ሰከንድ ያህል ነበር። የዚህኛው 16 ማይክሮሰከንድ ገደማ ከመጣላችሁ ገብቷችኋል ማለት ነው። ለሚቀጥለው ፈተና «ማን ይበረታል?» ከማለት በፊት «ከማን ጋር? በምን ውስጥ? ምን ያህል ሆኖ?» ብለን እንጠይቅ።