አዲስ ፕሮግራም ከተጫነበት በኋላ ስለሚታወክ ኮምፒዩተር

«ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገር ሰው። ይህ ምሳሌ ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የታወከ ኮምፒዩተር ለሚያቃና መምህርም ይጠቅማል።

ባንድ ትምህርት ቤት ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ቢሆን፤ የተማሪዎቹ ስምና የፈተናቸው ውጤት በእርሱ ተጽፎ ይቀመጣል። መምህሩም ለሥራው ይረዳኛል ብሎ አዲስ ፕሮግራም ይጭንበት ይሆናል። በማግሥቱ ሲከፍተው በዴስክቶፑ ላይ ያሉት ምልክቶች ድንገት ይጠፋሉ፤ ጥቂት ቆይተው ይመለሳሉ፤ አንድ ሰነድ ልክፈት ሲል ደግሞ ይጠፋሉ። ያን ጊዜ በዙሪያው ያለ ሰው «ጠቅላላውን አጥፍተው ዊንዶውስን እንደ ገና ይጫኑት» ብሎ ይመክረዋል። ይህን ምክር በችኮላ የተቀበለ መሣሪያውን ያድን ይሆናል፤ ነገር ግን ያመቱ ውጤት አብሮ ይጠፋል። ውጤቱ የጠፋበት ልጅም ወደሚቀጥለው ክፍል ለማለፉ ማስረጃ ያጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ ግን ከፈሰሰ በኋላ የማይለቀም ነው። ስለዚህ ከጥገናው በፊት ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ይገባል።

የሁከቱ ምክንያት

በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ዴስክቶፑን የሚያሳየው ኤክስፕሎረር በሚባል ፕሮግራም ነው። ምልክቶቹን የሚደረድር፤ ከታች ያለውን መሥመር የሚዘረጋ፤ ፋይሎቹን የሚያሳይ እርሱ ነው። አዲስ ፕሮግራም ሲጫን ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው አይቀመጥም፤ ከራሱ አንዱን ክፍል በኤክስፕሎረር ላይ ይቀጥላል። አንድ ፋይል በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ሲነካ በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ አዲስ ትእዛዝ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። የተቀጠለው ክፍል ስሕተት ያለበት እንደ ሆነ፤ ሲወድቅ ኤክስፕሎረርን ይዞት ይወድቃል። ይህም ጭነቷ ባንድ ወገን ያጋደለባትን በቅሎ ይመስላል። በቅሎዋ ጤነኛ ናት፤ የጣላት ጭነቱ ነው። ስለዚህ ጭነቱን ማራገፍ ነው እንጂ በቅሎዋን መግደል አይገባም።

የሚጠፋው ዴስክቶፑ ብቻ ሳይሆን፤ መሣሪያው በሙሉ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ እንደ ገና የሚነሣ ቢሆን ግን ምክንያቱ ከዚህ የጠለቀ ነው። ይኸውም ድራይቨር በሚባለው፤ የኮምፒዩተሩን ክፍሎች በሚያሠራው ፕሮግራም ወይም በመሣሪያው አካል ላይ ጉድለት መኖሩን ያመለክታል።

የጥገናው ሥርዓት

አንደኛ፤ ሰነዱን ማዳን ነው። ዴስክቶፑ ጠፍቶ የቀረ እንደ ሆነ፤ ኮንትሮል፤ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉት ሦስት ቁልፎች ባንድነት ሲነኩ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። በዚያም አዲስ ሥራ በሚያስጀምረው ትእዛዝ የኤክስፕሎረር ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፍ ዴስክቶፑ ይመለሳል። ወዲያውኑ የተማሪዎቹን ውጤት ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይገባል።

ሁለተኛ፤ በሴፍ ሞድ ማስነሣት ነው። በዊንዶውስ 10 እና በዊንዶውስ 11 የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ገጽ ላይ የሺፍትን ቁልፍ ይዞ ሪስታርት ማለት፤ ከዚያም ትራብልሹት፤ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፤ ስታርታፕ ሴቲንግስ የሚሉትን በተራ መክፈትና ሪስታርት ማለት፤ በመጨረሻም 4 ቁጥርን መንካት ነው። የተቆለፈ ዲስክ ያለው ኮምፒዩተር 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቅ ይሆናል። በሴፍ ሞድ የሚነሣው ለሥራ የግድ የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ሁከቱ በዚያ ካልታየ፤ ጥፋቱ በኋላ ከተጨመረው ነገር መሆኑን ያመለክታል። በዚያም ቢታይ ግን ገና ፍርድ አይሰጥም፤ ምርመራው ይቀጥላል።

ሦስተኛ፤ መዝገቡን መመልከት ነው። ዊንዶውስ ሪላያቢሊቲ ሞኒተር በሚባለው ገጽ፤ በየቀኑ የተጫነውንና የወደቀውን ፕሮግራም ጽፎ ያኖራል። ውድቀቱ የጀመረው አዲሱ ፕሮግራም ከተጫነበት ቀን ወዲህ እንደ ሆነ፤ ጥርጣሬው ይጸናል።

አራተኛ፤ ማራገፍ ነው። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ከተጫኑበት ቀን ጋራ ይገኛል። ከሁሉ በኋላ የተጫነውን አንዱን ብቻ ማራገፍ፤ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣት፤ ከዚያም ጥቂት መታገሥና መመልከት ይገባል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያራገፈ ሰው ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። አንዳንድ ፕሮግራም በሴፍ ሞድ አልራገፍም ይላል፤ እንዲህ ያለውን በተራው አነሣሥ ማራገፍ ነው።

አምስተኛ፤ ማራገፉ እንቢ ካለ ሲስተም ሪስቶር የሚባለው መንገድ አለ። ይህ የኮምፒዩተሩን ሥርዓት ቀድሞ ወደነበረበት ቀን ይመልሳል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ያስወግዳል፤ የተጻፉትን ሰነዶች ግን አይነካም። ነገር ግን የሚሠራው አስቀድሞ የመመለሻ ነጥብ ተቀምጦ የተገኘ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፤ የሚጠረጠሩት ብዙ እንደ ሆኑ እኩሌታውን እየከፈሉ መመርመር ነው። ሲስተም ኮንፊገሬሽን በሚባለው ገጽ የማይክሮሶፍት የሆኑትን ሳይነኩ ከሌሎቹ እኩሌታውን እንዳይነሡ ማድረግ ይቻላል። ከኮምፒዩተሩ ጋራ የሚነሡት 16 ቢሆኑና ጥፋተኛው አንድ ቢሆን፤ 8ቱን ከልክሎ መሞከር ነው። ሁከቱ ከተወ ጥፋተኛው ከተከለከሉት መካከል ነው፤ ካልተወ ከቀሩት መካከል ነው። እንዲህ እያሉ ከ8 ወደ 4፤ ከ4 ወደ 2፤ ከ2 ወደ 1 ሲወርዱ በ4 ሙከራ ይገኛል።

በዓለም የታየ ምሳሌ

ይህ ሥርዓት ለትንሽ ትምህርት ቤት ብቻ የሚሆን አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 19 ቀን 2024፤ ክራውድስትራይክ የሚባለው ያሜሪካ ኩባንያ ለኮምፒዩተር ጥበቃ ባዘጋጀው ፕሮግራም ላይ ስሕተት ያለበት ማሻሻያ ላከ። ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ባንድ ጊዜ ወደቁ፤ ያውሮፕላን ጉዞ፤ የባንክና የሐኪም ቤት ሥራ በብዙ አገር ታወከ። የጥገናው መንገድ ግን ይኸው ነበረ። ኮምፒዩተሩን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ያንን የተሳሳተ ፋይል አጥፍቶ እንደ ገና ማስነሣት ሆነ። የወደቀው ብዙ ነው፤ የጣለው ግን ጥቂት ነው፤ እርሱን ለይቶ ያወጣ ሰው የቀረውን ሁሉ አዳነ።

ማስጠንቀቂያ

አዲስ ፕሮግራም ከመጫን በፊት የመመለሻ ነጥብ ማስቀመጥ፤ የውጤቱን መዝገብ በፍላሽ መገልበጥና በወረቀትም ማተም ይገባል። ፕሮግራሙም ከባለቤቱ እንጂ ካልታወቀ እጅ አይወሰድ። ሁለት የቫይረስ መከላከያዎችን ባንድ ኮምፒዩተር ላይ ማኖርም ያጣላቸዋልና አይገባም። የተጫነው ሁሉ ስሙና ቀኑ ባንድ ደብተር ቢጻፍ፤ በኋላ የሚመጣው መምህር የነገሩን ሥር ሳይደክም ያገኘዋል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. ዴስክቶፑን የሚያሳየው ፕሮግራም ማን ይባላል? አዲስ ፕሮግራም እንዴት ሊጥለው ይችላል?
2. ከማንኛውም ጥገና በፊት ምን ይደረጋል? ስለ ምን?
3. ሁለት ፕሮግራሞችን ባንድ ጊዜ ማራገፍ ስለ ምን አይገባም?
4. የተጠረጠሩት 32፤ ጥፋተኛው 1 ቢሆን፤ እኩሌታውን እየከፈሉ ሲመረምሩ በስንት ሙከራ ይገኛል?